ያለ ሞት የተተከለ ድንኳን

ኢየሩ በሁለት ፊልሞች ላይ ዋና ተዋናይት ሆና ሠርታለች። ሁለቱም ጥቂት ጓደኛሞች ተሰባስበው በራሳቸው አቅም የሠሯቸው ትንንሽ ፊልሞች ነበሩ። ሁለቱም ለሕዝብ ሲቀርቡ ትልቁ ወቀሳ የደረሰው በእሷ ላይ ነው።

የመጀመሪያው የተቀረጸው ሸጎሌ፣ የከብት ገበያው ውስጥ ነበር። ወጪውን የሸፈኑት በሬ ነጋዴው አቶ በዳሳ በምላሹ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ቀዩ በሬያቸው በፊልሙ ውስጥ እንዲታይ። በሬው ታየ። ኢየሩም የነጋዴው ልጅ ሆና ከበሬው ጋር ታየች። በሚቀጥለው ቅዳሜ የፊልም ሐያሲው ዮፍታሔ በሬዲዮ ፕሮግራሙ ላይ «በዚህ ፊልም ውስጥ ስሜቱን በዓይኑ መግለጽ የቻለ አንድ ተዋናይ አለ፤ እሱም ባለቀንድ ነው» አለ።

በሁለተኛው ፊልም ዓይነ ስውር ሆና ተጫወተች። ዮፍታሔ ደግሞ «ልጅቱ በሩን፣ ወንበሩን፣ የፍቅረኛዋን ጉንጭ አንድ ጊዜም ስታ አታውቅም። በጨለማ የቀረው ተመልካቹ ብቻ ነው» አለ።

ሌሎችም ጽፈዋል። በቴሌግራም፣ በጋዜጣ፣ በየአስተያየት መስጫው የተጻፈው ሁሉ ከዚህ የተሻለ አልነበረም። የዮፍታሔ ግን የሚቆጠቁጠው የሰፈራችን ልጅ ስለሆነ ነው። እናቱ እትዬ ገበያነሽ ከኢየሩ ቤት ሦስት በር ዝቅ ብለው ነው የሚኖሩት፤ ከኢየሩ እናት ከእትዬ የዓለምወርቅ ጋር ቁስቋም ማርያም አብረው ይሳለማሉ፣ አንድ እድር ውስጥ ናቸው። ዮፍታሔ ራሱ ሰፈር ሲመጣ ኢየሩን ካገኛት መነጽሩን እየጠረገ ያልፋል። የታክሲ ተራ አስከባሪው ኢታና ግን መነጽር ስለሌለው «ባለቀንዷ መጣች!» ይላታል።

ከኢየሩ ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ነው የምንተዋወቀው። እኔ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ውስጥ በተክሎቹ አጠገብ የሚቆሙትን የስም ሰሌዳዎች እጽፋለሁ። ከሥራ ስመለስ በራቸው ላይ ትጠብቀኛለች።

«ሲና፣ እውነቱን ንገሪኝ። በዓይነ ስውሯ ላይ እንዴት ነበርኩ?»

«ቀሚሱ ያምርብሽ ነበር።»

«ስለ ቀሚሱ አልጠየቅኩሽም።»

«ጫማውም።»

ሦስተኛውን ፊልም ይዞ የመጣው ቤዛብሕ የሚባል ዳይሬክተር ነው። ታሪኩ ስለ መንታ እህትማማቾች ነው፤ አንዷ ትሞታለች፣ ሌላዋ ትቀራለች። ኢየሩን የመረጣት ሁለቱንም አንድ ሰው ቢጫወታቸው ስለሚቀለው ነው፤ ይህን ደግሞ አልደበቃትም። የሟቿ ክፍል ተቀርጾ አልቋል። የቀሪዋ ክፍል ሁሉ የሚመሠረተው በአንድ የለቅሶ ትዕይንት ላይ ነበር፤ ኢየሩ ደግሞ በልምምድ ወቅት አንድ ጊዜም ማልቀስ አልቻለችም።

«ስሚኝ» አላት ቤዛብሕ ከቀረጻው በፊት በነበረው ቀን። «የድንኳኑን ቀን ካለቀስሽ የፊልሙ ባለቤት አንቺ ነሽ። ካላለቀስሽ መንታነቱ ይቀራል። ተራ እህትማማች ይሆናሉ፤ ቀሪዋን ራኬብ ትሠራታለች።»

«እኔስ?»

«አንቺ በሃያኛው ደቂቃ ትሞቻለሽ። ከዚያ በኋላ ፎቶ ነሽ።»

ድንኳን ያስፈልግ ነበር። የእድራችን ዳኛ ጋሼ ዓምሃ መጀመሪያ እምቢ አሉ። «ይህ ድንኳን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያለ ሞት ተተክሎ አያውቅም» አሉ። እትዬ የዓለምወርቅ ግን መግቢያውን ያውቁበታል።

«ጋሼ ዓምሃ፣ ክረምቱን ሙሉ ተጠቅልሎ ነው እኮ የከረመው። ሻግቶ ይሆን?»

ጋሼ ዓምሃን ሻጋታ የሚለው ቃል አሳሰባቸው። በመጨረሻ መዝገባቸውን አውጥተው «ድንኳኑን ለማናፈስ» ብለው ጻፉና ፈረሙ። ለኮሚቴው አባላት ግን ትንፍሽ አላሉም፤ ጡሩምባ ነፊው እንኳ አልሰማም። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ወይም የተቃናው ከዚህ ላይ ነው።

እትዬ የዓለምወርቅ በፊልሙ ውስጥ የመንታዎቹ እናት ሆነው ይጫወቱ ነበር። ይህም ሰው ፍለጋ ከመሄድ ስለሚሻል ነው። የልጃቸው ፎቶ ለቅሶ ላይ መቀመጡ ግን አስጨነቃቸው። ጥቁር ጥብጣብ እንዳይደረግበት ከለከሉ፤ ከቁስቋም ጸበል አስመጥተው ሦስት ጊዜ ረጩበት። በዚህ የተነሣ የፎቶው አንድ ጥግ አብጦ ኢየሩ በግራ ጉንጯ የጥርስ ሕመም ያለባት መሰለች።

የጥቅምት ፀሐይ ነበረች። ድንኳኑ ከእነ ኢየሩ በር ፊት ለፊት ተተከለ። ዕለቱ ማርያም ስለነበረች አብዛኛው የሰፈሩ ሰው ከማለዳ ጀምሮ ቁስቋም ወጥቶ ነበር። ቤዛብሕ ሁሉንም በየቦታው ካስቀመጠ በኋላ ወደ እኔ ዞረ። ለዚያ ቀን ፈቃድ ወስጄ ነበር።

«ሲና፣ አንቺ መግቢያው ላይ ቁሚ። ሰው ከመጣ ‹ፊልም ነው› በይ። በቃ፣ ሌላ ሥራ የለሽም።»

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ኢየሩ አሥራ አንድ ጊዜ አለቀሰች፤ አሥራ አንዱም አልሆነም። አንዱ ማስነጠስ ይመስላል። አንዱ ላይ እጇን ግንባሯ ላይ ጭና ስታቃስት ካሜራውንም ድምፁንም የያዘው ኪሩ «ራስ ምታት ነው የሚመስለው» አለ። በሰባተኛው ላይ ሽንኩርት ተከተፈላት፤ እንባው መጣ፣ ፊቷ ግን የወጥ ቤት ፊት ሆነ። በዚህ ሁሉ መሐል እናቷ ከጎኗ ሆነው ያለ ምንም ችግር ይነፈርቁ ነበር።

«እማዬ እንዴት አድርገሽ ነው?»

«እኔ እንጃ። የሞቱብኝን በተራ አስባለሁ። አሁን አጎቴ ጋ ደርሻለሁ።»

ራኬብ ከድንኳኑ ውጭ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ቀሪዋ መንታ ነገ የምትለብሰውን ሁለተኛውን ጥቁር ቀሚስ ቀድማ ለብሳዋለች። «እኔ እኮ አልቸኩልም» ትል ነበር ሰው ሁሉ ባለፈ ቁጥር።

ቤዛብሕ ሰዓቱን አየ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት» አለ። «በዘጠኝ ሰዓት ራኬብ ትገባለች።»

ኢየሩ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ተቀመጠች። ጣቶቿን ስታፋትግ አየኋት፤ ስትፈራ እንደዚያ ታደርጋለች።

ስምንት ሰዓት ሲሆን እትዬ ብርቅነሽ ከሸጎሌ ከሚመጣው ሚኒባስ ላይ ወረዱ። በራቸው ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ የሚቸረችሩ ሴት ናቸው። ከአስፋልቱ ላይ ሆነው የእድራቸውን ድንኳን በእነ ኢየሩ በር ላይ አዩት። የሽንኩርቱን ከረጢት እዚያው መሬት ላይ ጣሉ፤ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ ከዚያ እየጮኹ መጡ።

ነገሩን ማስረዳት ያለብኝ እዚህ ላይ ነው። በእኛ ሰፈር ለቅሶ ቤት በር ላይ «ማን ሞተ?» ተብሎ አይጠየቅም። ነውር ነው። እያለቀሱ ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ከዚያ አጠገብ ያለውን ሰው በሹክሹክታ ይጠይቃሉ። በር ላይ ደግሞ የሚያለቅስን ሰው የሚያስቆም የለም። የእኛ ቤት ሰዎች ቸርች የምንሄድ ስለሆንን ለቅሶ ላይ የምንዘምር እንጂ የምንጮኽ አይደለንም፤ ስለዚህ ጩኸት ሲመጣብኝ እግሬ ይተሳሰራል።

«እትዬ ብርቅነሽ፣ ይሄ...» አልኩ።

አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። «ልጄን! አንቺ ደግሞ እንዴት ትሆኚ ይሆን፣ የልብ ጓደኛሽን!»

«አይ፣ ማለቴ...»

«አታውሪ፣ አታውሪ!» ብለው አልፈውኝ ገቡ። ፎቶውን አዩት። መጠየቅ አላስፈለጋቸውም።

«ኢየሩዬ! ያ ሬዲዮ በላሽ! ያ ሬዲዮ ነው የበላሽ!»

ቤዛብሕ ፊቱ በራ። እትዬ የዓለምወርቅ ለመተባበር ሰው የጠሩ መሰለው፤ ለኪሩ «እንዳታቆም» ብሎ በምልክት ነገረው። እትዬ የዓለምወርቅም በበኩላቸው ቤዛብሕ የጠራቸው መሰላቸው፤ ጎረቤታቸው እንዲህ ሲያግዟቸው ጊዜ ልባቸው ተነክቶ ከአጎታቸው ወደ አባታቸው ተሸጋገሩ። ዛሬ ዛሬ ለቅሶም እንደ ሰርግ ስለሚቀረጽ ካሜራው ማንንም አላስገረመም።

ከዚያ በኋላ ስልኮች ጮኹ መሰለኝ። ከላይ ከቁስቋም በኩል፣ ከታች ከአስፋልቱ ሰው ጎረፈ። እያንዳንዱን «ይሄ ፊልም...» እላለሁ፤ እነሱም «አዎ፣ ያ ፊልም!» እያሉ ደረታቸውን ይመታሉ።

«ያንን በሬ እንዴት አድርጋ ነበር የምትመራው! እንደዚያ ያለ አውሬ!»

«ዓይነ ስውር ስትሆን እኔ እውነት መስሎኝ ስለት ተስያለሁ።»

«ዋጋዋን ሳናውቅላት! በቁሟ ሳናውቅላት!»

ኢታና እንኳ መጣ። «ባለቀንዷ» ሲላት የከረመው ኢታና ኮፍያውን አውልቆ የድንኳኑ ምሰሶ ላይ ግንባሩን ደገፈና «እኔ እኮ ለቀልድ ነው» እያለ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

ኢየሩ ከነጠላዋ ሥር ሆና ትንቀጠቀጥ ጀመር። ትከሻዋ ይነሣል፣ ይወድቃል። ቤዛብሕ አውራ ጣቱን አሳየኝ። ኪሩም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ኢየሩ ድምፅ ሳታሰማ ስትስቅ የቀኝ ጉልበቷ እንደ ስፌት መኪና ይመታል። ጉልበቷ ይመታ ነበር። ነጠላውን ከጥርሷ መሐል ነክሳዋለች። ከአፏ አንድ ድምፅ ካመለጣት ቀረጻው አበቃ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ደግሞ ሩብ ጉዳይ ነበር።

በዚህ ጊዜ እትዬ ገበያነሽ መጡ። ልጃቸውን በክንዱ ይዘውታል። ዮፍታሔ እናቱን ሊጠይቅ መጥቶ ድንኳኑ ላይ የደረሰ ይመስለኛል። ፎቶውን ሲያይ ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ። እናቱ ከእትዬ የዓለምወርቅ እግር ሥር ሲደፉ እሱ የሚሆነውን አጥቶ ቆመ፤ ከዚያ ባዶ ወደነበረው ብቸኛ ቦታ ሄደና ተቀመጠ። ቦታው ከኢየሩ አጠገብ ነበር።

ፊቷን የሸፈነች፣ የምትንቀጠቀጥ ጥቁር ለባሽ ሴት። ከክፍለ ሀገር የመጣች ዘመድ መስላው መሆን አለበት።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እህቴ» አላት በሹክሹክታ። «አታውቂኝም። እኔ... እ... ስለ እሷ በሬዲዮ የማወራው ሰው ነኝ።»

ጉልበቷ ቆመ።

ማይክራፎኑ ከነጠላዋ ሥር፣ ከደረቷ ላይ ተሰክቷል። ኪሩ ማዳመጫውን ወደ ጆሮው ጫን ሲያደርግ አየሁ። እኔም ከመግቢያው ሸሽቼ ከጀርባቸው ስለቆምኩ ሁሉንም ሰማሁ።

«ሁለተኛውን ፊልም እስከ መጨረሻው አላየሁትም» አለ ዮፍታሔ። «ሃያ ደቂቃ አይቼ ወጣሁ። የቀረውን ሌሎች ከጻፉት ላይ ነው የወሰድኩት።»

ኢየሩ አልተንቀሳቀሰችም።

«በመጀመሪያው ፊልም ላይ ደግሞ አንድ ቦታ አለ። በሬውን ውኃ እያፈሰሰችበት ጀርባውን ታሸዋለች። ካሜራ መኖሩን ረስታዋለች። እዚያች ግማሽ ደቂቃ ላይ... በቃ፣ እውነት ናት። የሚያይ ሰው ትንፋሹን ይይዛል። ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ አሁንም እዚያው አለ። በሬዲዮ ግን አልተናገርኩትም። የበሬው ቀልድ ጣመኝና ለሱ ቦታ ለቀቅኩ።»

ከነጠላው ሥር አንድ ድምፅ ወጣ። ሳቅ መስሎኝ ደነገጥኩ። አልነበረም። ትንሽ፣ የታፈነ፣ ሰው ሳይፈልግ የሚያመልጠው ዓይነት ድምፅ ነው። እንባዋ ነጠላውን አልፎ እጇ ላይ ወረደ፤ አልጠረገችውም። አንድም ነገር አላደረገችም። ተቀምጣ ብቻ እንባው ወረደ። ኪሩ ካሜራውን ትከሻው ላይ አድርጎ እየተንፏቀቀ ቀረበ። ቤዛብሕ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ቀረ።

ከዚያ ኢየሩ ነጠላውን ከፊቷ ላይ ገለጠችና ወደ ዮፍታሔ ዞረች።

«ስንተኛው ደቂቃ ላይ ነው?» አለችው።

ዮፍታሔ ከነወንበሩ ወደ ኋላ ተዘረጋ። እትዬ ገበያነሽ «በስመ አብ!» ብለው ሲጮኹ ሰው ሁሉ በአንድ ላይ ወደ መውጫው ተንቀሳቀሰ። ኢታና በመግቢያው መውጣት ትቶ ከሸራው ሥር ሾልኮ ወጣ። እትዬ ብርቅነሽ ፎቶውን አንሥተው ከፊቷ ጋር እያስተያዩ «ጉንጭሽ ያበጠው ዳነ እንዴ?» አሉ።

እኔም ያን ጊዜ ድምፄ መጣልኝ። «ፊልም ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ከቀረጻው ሥራ ሁሉ የተሰጠኝ ያችው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረች።

የሆነው ሁሉ ለሁሉም እስኪነገር ጊዜ ወሰደ። እትዬ ገበያነሽ ኢየሩን ሁለት ጊዜ ጀርባዋን መቱና አንድ ጊዜ ሳሟት። ጋሼ ዓምሃ በጥቁር ካፖርት እየሮጡ ደረሱ፤ በእድራቸው ሰው ሞቶ ለዳኛው ሳይነገር መቅረቱ አስቆጥቷቸው ነው የመጡት። የሞተ አለመኖሩን ሲሰሙ ይበልጥ ተቆጡ። «በሉ አሁኑኑ ይነቀል! ናፍሷል፣ በቃው!»

ዮፍታሔ ልብሱን እያራገፈ ኪሩ ፊት ቆመ። «ይጥፋ! አሁኑኑ፣ እያየሁ ይጥፋ!»

«ወንድሜ» አለ ቤዛብሕ ሊያለቅስ ደርሶ፣ «ይህቺ ልጅ በፊልም ላይ ያለቀሰችው ለቅሶ ይኸው ብቻ ነው።»

«አጠገቧ እኔ አለሁበት! ፊቴ አለበት! ድምፄ አለበት!»

«ድምፁ ይጠፋል፤ ሌላ ይደረግበታል። ምስሉን ግን ቆርጬ ላወጣህ አልችልም፣ ትከሻ ለትከሻ ናችሁ።»

«እንግዲያው ሁሉም ይጥፋ።»

ቤዛብሕ ኢየሩን ወደ ጎን ወሰዳት። ሰው ያለ ፈቃዱ ሊያሳይ እንደማይችል፣ በተለይ ሬዲዮ ያለውን ሰው ጭራሽ እንደማይችል ነገራት። ካልፈቀደ ሌላ የሚተከል ድንኳን የለም፤ ነገ ራኬብ ትገባለች። ራኬብ ከወንበሯ ተነሥታ ቀሚሷን አስተካከለች።

ኢየሩ ወደ ዮፍታሔ ተመለሰች። እኔ እንደማውቃት ልትለምነው ወይም ልታስፈራራው ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ በድምፁ ላይ ያለውን ሰፈሩ ሁሉ ቢሰማው ምን እንደሚሆን እሱም ገብቶታል፤ ዓይኑ ማይክራፎኑ ላይ ነበር። እሷ ግን ማይክራፎኑን ነቅላ ለኪሩ ሰጠችው።

«ድምፁን አጥፋው» አለችው። ኪሩ ቤዛብሕን አየ፤ ቤዛብሕ ራሱን ነቀነቀ፤ ኪሩ አጠፋው። «ምስሉ ደግሞ በአንተ እጅ ነው» አለችው ዮፍታሔን። «አንድ ነገር ብቻ። አሁን እኛ ቤት ግባና ሁለተኛውን ፊልም እስከ መጨረሻው እይ። አይተህ ስትጨርስ ይጥፋ ካልክ ይጠፋል። አልከራከርህም።»

«ኢየሩ!» አለ ቤዛብሕ።

«ሥራ አለብኝ» አለ ዮፍታሔ።

«የለበትም» አሉ እትዬ ገበያነሽ። «እኔ ራሴ አመጣዋለሁ። ደግሞ አሁን የሚመጣው ለማየት ነው እንጂ ለቅሶውንማ ደርሷል።»

አሥር ሰዓት ላይ እነ ኢየሩ ቤት ተቀመጥን። እትዬ የዓለምወርቅ ቆሎ በትልቅ ሳህን አቀረቡ። ዮፍታሔ ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ለመነሣት እንደተዘጋጀ ሰው ተቀመጠ። እትዬ ገበያነሽ ከአጠገቡ ሆነው በየደቂቃው «ይኼኛው ባሏ ነው?» ይሉ ነበር። ባሏ አልነበረም።

ሃያኛው ደቂቃ አለፈ። ዮፍታሔ ሰዓቱን አይቶ ተቁነጠነጠ። በአርባኛው ደቂቃ ላይ ዓይነ ስውሯ ልጅ ከወንድሟ ጋር ትጣላና «ይህ ቤት የተወለድኩበት ነው፤ ምሰሶውን ሁሉ በእጄ አውቀዋለሁ፤ ከዚህ አታስወጣኝም» ትላለች።

ዮፍታሔ ከሶፋው ጫፍ ወደ ኋላ ተደገፈ።

«በሩን አትስትም ያልከው» አለች ኢየሩ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል፣ «አርባ ቀን ዓይኔን አስሬ እዚሁ ቤት ውስጥ ተለማምጄበታለሁ። ሲና ትመስክር።»

መሰከርኩ። የሰበረችውንም ብርጭቆ ጠቀስኩ።

«ይህን አላወቅኩም» አለ።

«በየት በኩል ታውቃለህ!» አሉ እናቱ። «ወጥተህ ሄደህ የለ!»

ዮፍታሔ ከኪሱ ትንሽ ደብተር አወጣ። አንዳንዴ ይጽፋል፣ አንዳንዴ እስክሪብቶውን አፉ ውስጥ ይከታል። ኢየሩ ፊልሙን አላየችም፤ የምታየው የእስክሪብቶውን ጫፍ ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ ስሞቹ ሁሉ እስኪያልፉ ጠበቀ። ጣቶቿን ስታፋትግ ይሰማኛል።

«መጥፎ ነው» አለ።

እትዬ የዓለምወርቅ የቆሎውን ሳህን ከፊቱ አነሡት።

«ከሃያ ደቂቃው በኋላ ደግሞ ይብሳል። ሙዚቃው አያስቀምጥም። ወንድምየው ሲናገር ወረቀት የሚያነብ ይመስላል።»

«እኔስ?» አለች ኢየሩ። ድምፏ ቀጠነ።

ዮፍታሔ ደብተሩን ገለጠ፣ መልሶ ዘጋው። «አንቺም ጥሩ አይደለሽም። ግን እኔ ባልኩት ምክንያት አይደለም። እኔ አልለፋችበትም ነው ያልኩት። አንቺ ከልክ በላይ ለፍተሽበታል፤ ልፋቱ ይታያል። ሦስት ቦታ ላይ ብቻ አይታይም። እነሱን ምልክት አድርጌያቸዋለሁ።»

ኢየሩ ስታስብ ቆየችና ፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ፈገግታ ወጣ፤ አንድ ሰው ከመደርደሪያ ላይ ጣፋጭ ሲያገኝ የሚያሳየው ዓይነት።

«ሦስት?» አለች።

«ሦስት። ምናልባት ሁለት ተኩል።»

«ምስሉስ?»

ዮፍታሔ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ጠርጎ ጨርሶ እንደገና ጠረገ። «ይቆይ» አለ። «የዛሬው ላይም አልታየም። ልፋቱ ማለቴ ነው። እኔም ሳላውቅ ነው የሆነው፣ ግን... በቃ፣ ይቆይ። ስሜ እንዳይወጣ ብቻ። የተዋናዮች ዝርዝር ላይ ስሜን ካየሁ እከሳለሁ።»

«የእኔ ይውጣ!» አሉ እትዬ ገበያነሽ። «ያን ሁሉ ያለቀስኩት በነጻ ነው? በትልቁ ይጻፍ። ከነአባቴ ስም።»

«ከእኔ በታች» አሉ እትዬ የዓለምወርቅ።

«ለምን ሲባል?»

«እኔ ከጠዋት ጀምሬ ነው የማለቅሰው።»

ኢየሩ ስልኳን አንሥታ ቤዛብሕ ጋ ደወለች። ገና ደወሉ ሳይጮኽ ነው ያነሣው። «ፈቅዷል» ስትለው ከስልኩ ውስጥ የወጣው ጩኸት እስከ እኔ ተሰማ። «ራኬብን በደንብ አድርገህ ንገራት» አለችው፤ «ቀሚሱን ለዛሬ ትልበሰው፣ ነገ ግን እፈልገዋለሁ።»

ስልኩን ዘጋችና ሪሞቱን አነሣች። ፊልሙን ወደ መጀመሪያው መለሰችው። ዮፍታሔ ለመሄድ ተነሥቶ ነበር።

«አሁን ደግሞ እያስቆምክ» አለችው። «እያንዳንዱን። ሲና፣ ወረቀት አምጪ።»

ዮፍታሔ ወደ እናቱ አየ። እትዬ ገበያነሽ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ሶፋው ላይ አጣጥፈዋል፤ የቆሎውን ሳህን ወደ ራሳቸው ስበው «ተቀመጥ እንጂ፣ ከለልከኝ» አሉት።